የመጀመሪያው መጽሐፍ

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ፥ በጪጩ ያለ ገበሬ ቡና በተከለ ማግስት ለለቀማ አይወጣም፤ 3 ወይም 4 ዓመት ይጠብቃል። ሲደርስም የቀላውን መርጦ ይለቅማል እንጂ አረንጓዴውን አይሸመጥጥም።

የመጀመሪያ ልብ ወለዱን የጨረሰ ወጣት ግን ብዙ ጊዜ ይቸኩላል። በአገራችን ደራሲው ራሱ አሳታሚ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነውና፥ ከደመወዙ ቆጥቦ ወይም ተበድሮ ለማተሚያ ቤት ይከፍላል፤ መጽሐፉንም በየሱቁ ያድላል። ገንዘቡ የሚመለሰው ሲሸጥ ነው፤ ያልተሸጠው ከአልጋ ሥር ይከማቻል።

ዳኛቸው ወርቁ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. ሲያሳትም፥ ቋንቋው ከበደን ያሉ አንባቢዎች ነበሩ። ዛሬ ግን በዩኒቨርሲቲ ይጠናል። ጥሩ መጽሐፍ እንኳ አንባቢውን የሚያገኘው ዘግይቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ዕዳ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

እንግዲህ ወጣቱ ደራሲ ሆይ፥ አራሚውም ነጋዴውም አንተው ነህና፥ ገንዘብህን ከመክፈልህ በፊት ረቂቅህን እውነቱን ለማይደብቅህ ወዳጅ አስነብብ። ቅጂውንም አቅምህ በፈቀደው ልክ አሳትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።