እንጨቱ ይውደቅ!

እስቲ ፍረዱን! እኔና ጓደኛዬ በፈረስ ስፖርት የተነሳ ተኮራርፈናል። ውድድሩ ሦስት ፈተና አለው፤ በስልት መራመድ፣ አገር አቋራጭ ግልቢያና የመሰናክል ዝላይ። ጉዱ ያለው መሀለኛው ላይ ነው። በመጨረሻው ዝላይ እንጨቱ ሲነካ ይወድቃል፤ የአገር አቋራጩ ግንድ ግን ንቅንቅ አይልም ነበር። ፈረሱ በፊት እግሩ ከመታው ይገለበጥና ያ ግማሽ ቶን ገላ ጋላቢው ላይ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪታንያ ብቻ አምስት ጋላቢዎች ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ነው በኃይል ሲመታ ለቆ ግንዱን የሚጥል መያዣ የመጣው።

ጓደኛዬ ታዲያ «የልጆች ጨዋታ አደረጉት» ባይ ነው። ማስረጃው በ2021 የተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ነው። በግል ሁለቴ ተከታትሎ ወርቅ የወሰደው ጀርመናዊ የመጀመሪያውን ፈተና መርቶ ነበር። አገር አቋራጩ ላይ ፈረሱ ነካ ሲያደርገው መያዣው ለቀቀ። 11 የቅጣት ነጥብ! በመጨረሻም 8ኛ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር እኔም አዝኛለሁ። ግን እኮ ሰውየውም ፈረሱም በደህና ጨርሰዋል! በዚያው ቀን የአንድ ስዊዘርላንዳዊ ፈረስ ጅማቱ ተበጥሶ እንዲሞት ተደርጓል። ለእሱ መያዣውም አይደርስለትም ነበር፤ ሁሉን ያድናል አላልኩም።

ደግሞ ማን ነው ደፋሩ? አምና በኪራይ ፈረስ ወድቆ ሁለት ሳምንት ሲያቃስት ሾርባ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ያውም ያለ ሄልሜት ነበር የወጣው።