ስምን ሐይቅ ሲያወጣው

(ድምፅ፦ የሞተር ጀልባ ሲጓዝ፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ውኃ የጀልባውን ጎን ሲመታ ብቻ ይሰማል)

ተራኪ፦ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእግር ኳስ ቡድን ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። የመዝገብ ስሙን መሥራቾቹ ይሰጡታል፤ ቅጽል ስሙን ደግሞ ደጋፊ፣ ጋዜጠኛ፣ አንዳንዴም ተረበኛ ያወጣለታል። ለአርባ ምንጭ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ስም ያወጣለት ግን ሐይቅ ነው።

ያለነው ጫሞ ላይ ነው፤ የኩልፎ ወንዝ ከሐይቁ በሚቀላቀልበት ዳርቻ። ቦታው «አዞ ገበያ» ይባላል። ሻጭም ገዥም የለም። ገበያተኛው ጭቃው ላይ ተጋድሞ ፀሐይ የሚሞቀው አዞ ነው። ጎብኚ ከጀልባው ላይ መጀመሪያ ፎቶ የሚያነሳው አፉን በሰፊው የከፈተውን ነው፤ ሊውጥ የተዘጋጀ ይመስላላ! አዞ ግን አፉን ከፍቶ የሚተኛው ሰውነቱ ሲግልበት ለመቀዝቀዝ ነው። ሊያድን ሲነሳ አፉ ዝግ ነው፤ ከውኃው በላይ የሚታዩት ዓይኖቹና የአፍንጫው ጫፍ ብቻ ናቸው። በመልሶ ማጥቃት ለሚያምን አሰልጣኝ ከዚህ የተሻለ ምልክት አይገኝም።

(ድምፅ፦ የስታዲየም ጩኸት፣ ከበሮ)

ተራኪ፦ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማ የአርባ ምንጭ ከተማ ተጫዋቾች «አዞዎቹ» ናቸው። ስሙ ከሜዳው አልፎ የስፖርት ዜና ቋንቋ ሆኗል። አንባቢው «አዞዎቹ ነብሮቹን ይገጥማሉ» የሚል ርዕስ ሲያይ ስለ ዱር እንስሳት ፓርክ አያስብም፤ አርባ ምንጭ ከተማና ሀዲያ ሆሳዕና ሊጋጠሙ መሆኑ ይገባዋል።

የአገራችን ክለቦች በቅጽል ስም አይታሙም። ፋሲል ከነማ በጎንደሩ ንጉሥ ምክንያት «ዐፄዎቹ» ነው። ባሕር ዳር ከተማ «የጣና ሞገዶቹ»፣ ሀዋሳ ከተማ «ሐይቆቹ»። ኢትዮጵያ ቡና «ቡናማዎቹ»፣ ድሬዳዋ ከተማ «ብርቱካናማዎቹ»፤ እነዚህ ቀለማቸውን ይዘው ነው የተጠሩት። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶ ከሚወጋው ሰማዕት ስም ወርሶ «ፈረሰኞቹ» ተብሏል። በነገራችን ላይ፣ ሥዕሉ ላይ ከፈረሱ እግር ሥር የሚንፈራገጠውን ያን ባለ ቅርፊት አውሬ አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? አዞዎቹ ፈረሰኞቹን ሲገጥሙ የድሮ ቂም ያለባቸው ይመስላል።

ከሁሉም ቅርብ የሆነው ባላንጣ ግን ከ120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ከሶዶ ይመጣል። ወላይታ ድቻ «የጦና ንቦች» ይባላል። ጦና የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ፣ በ1887 ዓ.ም. የምኒልክን ጦር የተዋጋው ካዎ ጦና ነው። እነዚህ ንቦች በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክ በመለያ ምት ጥለውት ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ናቸው ብሎ የሚንቃቸው የለም። አዞ ቆዳው ወፍራም ነው፣ ንብ ምን ትጎዳዋለች የሚል ደጋፊ ካለ፣ ዓይኑን አልሸፈነም የሚል ምላሽ ከሶዶ አይጠፋም።

አርባ ምንጭ ለምን አዞን መረጠች? ሌላ ስም አጥታ አይደለም። ከሴቻ ገደል ሥር፣ በደኑ ውስጥ የሚፈልቁት ምንጮች ለከተማዋ ስም ሰጥተዋል። ሙዟ በመላ አገሪቱ ገበያ ይታወቃል። ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ከደጇ ነው፤ እዚያ ሜዳ ላይ የሚግጠው የሜዳ አህያ መልኩ ያማረ ነው፤ ግን በእኛ ሊግ ቡድን «የሜዳ አህዮቹ» ተብሎ በሰላም ይጫወታል? በዚሁ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የሞተች የአንዲት ሌሊት በራሪ ወፍ ክንፍ አገኙ። አንድ ክንፍ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1995 ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። ብርቅ ናት፤ ግን በአንድ ክንፍ ዋንጫ አይነሳም።

አዞ ያሸነፈው ስለሚያስፈራ ነው። እንዲህ ያለ ቅጽል ስም ከተማው ምን እንደሚሠራ አይናገርም፤ እንግዳው ምን እንዲፈራ እንደሚፈለግ ነው የሚናገረው።

እንስሳው በአካባቢው መኖሩም ግዴታ አይደለም። የሌሶቶ ብሔራዊ ቡድን «ሊክዌና» ይባላል፤ አዞዎቹ ማለት ነው። ለእ.ኤ.አ. 2017 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከእኛው ብሔራዊ ቡድን ከዋልያዎቹ ጋር በአንድ ምድብ ነበሩ። ሌሶቶ ግን ዝቅተኛው ቦታዋ እንኳ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር የሆነ የተራራ አገር ናት፤ አዞ የሚኖርባት አይደለችም። ስሙ የመጣው ከንጉሣዊው ዘር፣ አዞን መለያቸው ካደረጉት ከባክዌናዎች ነው።

ከአርባ ምንጭ በላይ ወዳለው የጋሞ ደጋ ብንወጣም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። ወደ ጨንቻ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ዶርዜ ላይ የሚታየው ረጅም የቀርከሃ ቤት ፊቱ የዝሆን ነው፤ ወደፊት የወጣው መግቢያ ኩምቢውን፣ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይኖቹን ይመስላሉ። ድሮ በአካባቢው ዝሆን ይኖር እንደነበር ይነገራል። ዛሬ የለም። ምስጥ የቤቱን ግርጌ ሲበላው ከሥር እየተቆረጠ ዕድሜ ጠገቡ ቤት እያጠረ ይሄዳል፤ የዝሆኑ ፊት ግን እንዳለ ነው።

(ድምፅ፦ መቅዘፊያ ውኃ ሲመታ)

ተራኪ፦ አርባ ምንጭ በዚህ ትለያለች። አውሬዋ ትዝታ አይደለም። የጫሞ ዓሣ አጥማጅ መረቡን የሚጥለው አዞው በሚያድንበት ውኃ ላይ ነው፤ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ዓሣ ነው። አዞ መረብ ይቀድዳል፣ የተያዘውን ይወስዳል፣ ሰውም ይበላል። እሑድ ስታዲየም ገብቶ «አዞዎቹ!» እያለ የሚጮኸው ወጣት ሰኞ ሌሊት ጀልባ ላይ ከሆነ፣ ያንኑ ስም የሚጠራው በሌላ ድምፅ ነው። ሌላ ክለብ ደጋፊ ላይ ይህን አላየሁም። የጎንደር ሰው ዐፄ መንገድ ላይ አያጋጥመውም።

አዞ ለከተማዋ እንጀራም ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአባያ ሐይቅ ዳርቻ የአዞ እርባታ አለ፤ እንቁላልና ጫጩት ከሐይቁ ዳር እየተሰበሰበ ያድጋል፣ ቆዳው ወደ ውጭ ሲላክ ቆይቷል። ዱር ያለችው እናት እንቁላሎቿን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሦስት ወር ያህል ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ገና እንቁላሉ ውስጥ ሳሉ ሲጮኹ ሰምታ አሸዋውን ትቆፍራለች፤ ከዚያም በዚያ በሚያስፈራው መንጋጋዋ ይዛ ወደ ውኃ ታደርሳቸዋለች። ወጣት ተጫዋች አሳድጎ ለትልልቅ ክለቦች ለሚያቀብል ከተማ ይህ ክፍል ከጥርሱ የበለጠ ይመጥነው ነበር።

አዞ ውኃ ሥር ትንፋሹን ይዞ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት ይችላል። አዞዎቹም መስመጥና መውጣት ያውቁበታል። በ2010 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊጉ ወረዱ፤ ለ2014 የውድድር ዘመን ተመለሱ፤ በ2015 እንደገና ወረዱ፤ በ2016 ከከፍተኛ ሊግ አድገው ብቅ አሉ። ሲወርዱ «የአዞ እንባ» የሚል ተረብ አልቀረላቸውም፤ ስም ለባላንጣም ዱላ ያቀብላል።

(ድምፅ፦ የሸማ እቃ፤ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ሲል)

ተራኪ፦ ይህ የሽመና ድምፅ ነው። ስለ ኳስ ስናወራ ምን አመጣው ለሚል አድማጭ መልሱ በ1990ዎቹ ውስጥ ነው። አርባ ምንጭን ያኔ በፕሪሚየር ሊጉ የወከለው ቡድን አዞም ነብርም አልነበረም፤ አርባ ምንጭ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። የፋብሪካ ቡድን። ለአገራችን ኳስ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ድሬዳዋ ጥጥ ማኅበር በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር። የዚያን ዘመን ቡድን ስሙ ራሱ ደመወዝ ከፋዩን ይናገራል። የከተማ አስተዳደሮች ክለብ ሲይዙ የፋብሪካው ስም ቀረ፤ ቦታውን ንጉሡ፣ ሞገዱ፣ ነብሩ፣ አዞው ያዙት። ወልቂጤ ከተማን «ሠራተኞቹ» ያለው ሰው ብቻ ነው የድሮውን መንገድ ያልተወው፤ ከአገሪቱ ቅጽል ስሞች ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው።

ሠራተኛን በስም ማክበር ሌላ ቦታ የተለመደ ነው። የእኛ ሰው ሌሊት ተቀምጦ የሚያየው አርሰናል «መድፈኞቹ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1886 የመሠረቱት የለንደን ዎሊች የመሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ስለነበሩ ነው። ኖርዊች ሲቲ ደግሞ «ካናሪዎቹ» ነው፤ ካናሪ የምትባለው ቢጫ ዘማሪ ወፍ ናት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፍላንደርስ አካባቢ ወደ ኖርዊች የተሰደዱ ሸማኔዎች ወፏን ከጨርቅ ሥራቸው ጋር ይዘው ሄዱ፤ ከተማዋ በወፍ እርባታ ታወቀች፤ ቡድኑም ቢጫ ለበሰ። እንግሊዞች የሸማኔን ወፍ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሲጫወቱ አያፍሩም።

የጋሞ ሸማኔም ተሰዷል። ከዶርዜና ከአካባቢው ወጥቶ እንጦጦ ሥር ሽሮ ሜዳ ላይ ሰፍሮ፣ አዲስ አበባ በዓል በመጣ ቁጥር የምትለብሰውን ጥበብ ሠርቷል። ሸማኔው ለሥራው ክፍያ ቢያገኝም ክብር አላገኘም፤ «ሸማኔ» የሚለው ቃል ብዙ ዘመን እንደ ስድብ ተወርውሯል። ልብሱን እየለበሱ ሠሪውን መናቅ የእኛ የቆየ ነውር ነው። እንዲህ ባለ አገር ቡድን «ሸማኔዎቹ» ይባል ብሎ የሚደፍር መጥፋቱ አይገርምም። ቢኖር ግን እኔ እደግፈው ነበር።

ለአዞው ክፋት እየተመኘሁ አይደለም። ስሙ ጥሩ ነው፤ የቦታው ነው፤ ከሌላ አልተቀዳም። ማንቸስተር ዩናይትድ እንኳ «ቀያይ ሰይጣኖቹ» የሚለውን ከጎረቤቱ የሳልፎርድ ራግቢ ቡድን ነው የወሰደው፤ ለሳልፎርዶቹም ስሙን የሰጣቸው እ.ኤ.አ. በ1934 የፈረንሳይ ጋዜጣ ነበር።

ጉዳዩ ከስሙ አጠገብ ባዶ የቀረው ቦታ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ሲወጣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው አስቆሙት። ያን ቀን ከተማዋ በመላ ኢትዮጵያ የተከበረችው በጥርሷ አልነበረም።

ስለዚህ ለክለቡ አመራርና ለደጋፊ ማኅበሩ አንድ ልመና አለን። አዞው አርማው ላይ ይቆይ። ለሚቀጥለው የውድድር ዘመን የደጋፊ አንገት ልብስ ስታዝዙ ግን ከማተሚያ ቤት በፊት ዶርዜ ውጡ። ዱንጉዛ የሚባለውን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጨርቅ የሚሸምኑት እዚያ ናቸው፤ ትዕዛዙን ለእነሱ ስጡ፣ ዋጋውንም ሳትከራከሩ ክፈሉ።

(ድምፅ፦ መወርወሪያው፤ የስታዲየም ከበሮ ይቀላቀልበታል)