የወባው ቁጥር ወደ ሕዝቡም ይውረድ

ወባ በሚበዛበት አገር፣ በጤና ኬላ ወይም በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ አንድ የወረቀት ግራፍ ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው። ከግርጌው የዓመቱ ሳምንታት ተደርድረዋል፤ በጎኑ የታማሚው ቁጥር አለ። አንደኛው መስመር ካለፉት ዓመታት ልምድ ተነሥቶ የተሰመረ የወረርሽኝ ጣራ ነው፤ ሁለተኛውን ባለሙያዋ በየሳምንቱ በእጇ እየቀጠለች ትስለዋለች። የዘንድሮው መስመር ጣራውን አልፎ ከወጣ ወረርሽኝ ገብቷል ማለት ነው። ሪፖርቱም ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ወደ ዞን፣ ወደ ክልል እያለ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ድረስ ይዘልቃል። ከዚያው ግራፍ ሥር ትኩሳት የያዘው ልጇን ታቅፋ ወረፋ የምትጠብቀው እናት ግን መስመሩ ምን እንደሚል የሚነግራት ደንበኛ አሠራር የላትም። ይህን የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ከቆቦ እስከ አላማጣ በተዘረጋው የራያ ቆላ፣ በተለይም በዋጃ ከተማ፣ የጤና መረጃ በታወቀ ቀን፣ በአደባባይ፣ ለሕዝብ ሊነገር ይገባል፤ ሕዝቡም ተነሥቶ ሊጠይቅበት ይገባል። መንገሩ ራሱ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

የዚህ ቆላ ወባ ወቅቱን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ክረምቱ ሲወጣ ጎርፍ ያቆረው ውኃ በየቦታው ይቀራል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ትንኙ ይበረታል። ጊዜው ደግሞ ማሽላው የሚያፈራበት፣ ገበሬው ወፍና አውሬ ሊጠብቅ ማሳው ላይ የሚያድርበት ነው፤ አጎበሩ ቤት ተሰቅሎ ባለቤቱ ውጭ ይነከሳል። ለሰሊጥ ሥራ መተማና ሁመራ የወረደው ወጣትም በዚያው ሰሞን ይመለሳል፣ አንዳንዱ በሽታውን ይዞ። ማታ የት ልደር፣ ትኩሳቱን እስከ ነገ ልታገሠው ወይስ ዛሬውኑ ልመርመር፣ ኬላው የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም ጨርሶ ከሆነ ልጁን በቀጥታ ጤና ጣቢያ ላድርሰው የሚለውን የሚቆርጠው ባለቤቱ እንጂ ሚኒስቴር አይደለም። ለውሳኔው የሚያስፈልገው ዕውቀት ግን ያለው ወረዳው መዝገብ ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳሳወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል፤ በሕሙማን ብዛት የአማራ ክልል ከኦሮሚያ ቀጥሎ ነበር። ይህን ቁጥር ጄኔቭ ያለ ሰው በድረ ገጽ ያነበዋል። የዋጃ ነዋሪ የራሱን ቀበሌ ድርሻ የሚሰማበት ቦታ የት ነው?

በዚህ ምድር መረጃ ወደ ላይ ብቻ ሲሄድ፣ ሄዶም ሲታፈን፣ ምን እንደሚከተል ለማየት ሩቅ አገር መጥቀስ አያስፈልግም። በ1965ቱ የወሎ ረሃብ፣ በታኅሣሥ ወር ገደማ፣ ከ1,000 በላይ የተቸገሩ ሰዎች ከወሎ ተነሥተው አዲስ አበባ ደርሰው ነበር፤ ቀይ መስቀል ሊረዳቸው ይሞክር ነበር። ዛሬ ዋጃን አቋርጦ ወደ መቀሌ በሚዘልቀው የሰሜን አውራ ጎዳና ዳር የተራቡ ሰዎች ተሰልፈው መኪናና አውቶቡስ እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሹም ሁሉ ያይ ነበር ማለት ነው። ያልነበረው በይፋ የሚነገርበት መድረክ ነው። ያን መድረክ ለመክፈት የሞከሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን ጨምሮ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው፤ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ለዕይታ አቀረቡ። እኔ ያን የፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ በአገራችን ስለ መረጃና ስለ ሕዝብ ጤና ከተደረጉ የአደባባይ ዝግጅቶች ሁሉ ትልቁ አድርጌ ነው የምቆጥረው። ዓለም የሰማው ግን ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966፣ የጋዜጠኛው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን ያንን ረሃብ አጥንቶ የጻፈው ዛሬም ያስደነግጣል፦ የአገሪቱ የምግብ ምርት በጠቅላላው የዚያን ያህል አልወደቀም፣ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እንኳ ብዙ አልናረም፣ ከወሎ እህል ይወጣ ነበር። ሰው ያለቀው የሚገዛበት ስላጣ ነው፤ እህል ያለው ወገን ደግሞ በጊዜ አልተነገረውም፣ የተነገረውም አልተጠየቀም። ሴን ቆይቶ ነፃ ጋዜጣና ተጠያቂ መንግሥት ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ ደርሶ አያውቅም ያለው ከዚህ ዓይነት ማስረጃ ተነሥቶ ነው።

ከዚያ ረሃብ በኋላ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ መረጃ ይሰበስብ፣ ያስጠነቅቅ ነበር። በ1976ም አስጠንቅቋል። ሆኖም መስከረም 1977 አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን በድምቀት ሲያከብር፣ ከዋጃ በስተ ሰሜን፣ ከአላማጣ ዳገቱን ወጥተው የሚያገኙት ኮረም በረሃብተኛ ተሞልቶ ነበር። ወሬው የወጣው አሁንም በውጭ ሰው፣ በጥቅምት 1977 ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ለቢቢሲ በሠሩት ዘገባ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በሁለተኛው ጊዜ መረጃ ሰብሳቢ ተቋም ነበረ። የጎደለው ተቋሙ ያወቀውን ለተራው ሕዝብ የመናገር ግዴታና ሕዝቡ ተነሥቶ የሚጠይቅበት ቦታ ነው። ዛሬም ሪፖርት አላነሰንም።

የተገላቢጦሹ ማስረጃም እዚሁ አጠገባችን አለ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ በኢትዮጵያ የወባ መከላከል ሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ጥቂት ቦታዎች አንዱ የቆቦ ጨርጨር ሸለቆ ነበር። ቤቶች ዲዲቲ ተረጩ፤ ሥራው ጠቃሚ ነበር፣ ነገር ግን የቤቱ ባለቤት ድርሻ ዕቃውን አውጥቶ በሩን መክፈት ብቻ ነበር። ከዓመታት በኋላ ትግራይ ውስጥ የተደረገው ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ ኪዳኔና ሞሮው እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት መጽሔት ላይ እንዳሳተሙት፣ በአንዳንድ ጣቢያዎች (ቀበሌዎች) ከመንደሩ የተመረጡ እናቶች ሌሎች እናቶችን የወባን ምልክት እንዲያውቁና ክሎሮኪን በቤታቸው በትክክለኛው መጠን እንዲሰጡ አስተማሩ፤ በሌሎቹ ጣቢያዎች የቀድሞው አሠራር ቀጠለ። ትምህርቱ በደረሰበት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ40 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒቱ አዲስ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ዕውቀቱ እናቲቱ እጅ መግባቱ ነው። ዛሬ ክሎሮኪን ለአደገኛው የወባ ዓይነት አይሠራም፤ ምርመራም የግድ ስለሆነ ያንኑ እንዳለ እንድገም አልልም። ግን እናት ቁጥርና መጠን አይገባትም የሚል ሰው ይህን ጥናት ሊመልስ ይገባዋል።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ጠንካራው «ሕዝብ ይደናገጣል» የሚለው ነው። ወረርሽኝ ገባ ከተባለ ገበያ ይቀዘቅዛል፣ እንግዳ ይቀራል፣ ወሬ ይባዛል ይላሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ የዋጃ ሰው ከገበያው ነው የሚኖረው። ነገር ግን ዝምታውን ሞክረነዋል። በ2008 እና በ2009 ወረርሽኙ «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተብሎ ብቻ ሲነገር የኮሌራ ወሬ ከመሰራጨት አልቆመም፤ እንዲያውም የመንግሥት ቃል እየተጠረጠረ ሄደ። በ2011 በዋግ ኽምራና በሌሎች ቦታዎች በሽታው ሲነሣ ግን ኮሌራ መሆኑ በይፋ ተገለጸ፤ ጎረቤት ወረዳም ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ውኃውን ማከም፣ መጸዳጃውን ማየት ቻለ። ድንጋጤ የሚበረታው ሰው አንድ ነገር እንዳለ እያወቀ የት፣ ምን ያህል፣ ምን ላድርግ የሚለውን የሚነግረው ሲያጣ ነው። የሐሰት መረጃን ለመከላከል በ2012 ዐዋጅ ቁጥር 1185 ወጥቷል፤ ቅጣት ግን የውሸቱን አፍ ቢዘጋ እንኳ እውነቱን አያመጣም። እውነቱን የሚያመጣው ቁጥሩን የያዘው ሰው በሰው ፊት ቆሞ ሲናገር ብቻ ነው።

«ስብሰባማ ሞልቷል፣ ገበሬው ሰልችቶታል» የሚሉም አሉ። ሰልችቶት ከሆነ እውነቱን ነው። አብዛኛው ስብሰባ አቅጣጫ የሚሰጥበት፣ መዋጮ የሚነገርበት፣ በመጨረሻም አበል ላለው ሰው ብቻ የሚጠቅም ነው። እኔ የምለው ሌላ ዓይነት ነው። ጤና ሚኒስቴር ባለፉት ዓመታት ኅብረተሰቡ ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበትን አሠራር ዘርግቷል፤ መለኪያዎቹም የባለሙያው አክብሮት፣ የወረፋው ርዝመት፣ የመድኃኒትና የላቦራቶሪ መኖር፣ የአምቡላንስ አገልግሎት፣ የግቢው ንጽሕና የመሳሰሉ ናቸው። ጥሩ መነሻ ነው። የጎደለው ነጥብ ሰጪው ራሱ የሚፈርድበትን ቁጥር አለማየቱ ነው፦ ባለፈው ወር ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንቱ ወባ ተገኘበት፣ መድኃኒት ስንት ቀን ጠፋ። መሰብሰቢያውም አዲስ መሆን የለበትም። በወሎ ቅሬ (እድር) ያልገባ ቤት ጥቂት ነው፤ ቅሬው ለቀብር ሰው መሰብሰብ ከቻለ ቀብር ለማስቀረት መሰብሰብም ይችላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ በሚቀመጥበት አገር ሽማግሌ መርቆ ሲከፍተው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ግራፏን ይዛ ስትቆም፣ ሴቶች ቀድመው እንዲጠይቁ ሲደረግ፣ ያ ጉባኤ ከአዳራሽ ሥልጠና የበለጠ ይሠራል። ከጎረቤታችን ከአፋር መማርም ነውር የለውም፤ በዳጉ መንገደኛ መንገደኛን ሲያገኝ ያየውን የሰማውን መንገር ግዴታው ነው፣ ያላየውን እንዳየ መንገር ደግሞ ያሳፍረዋል።

ሬዲዮና ስልክ እያለ የአደባባይ ጉባኤ ለምን ያስፈልጋል ለሚለው መልሴ አጭር ነው። በጦርነቱ ጊዜ ትግራይ ለሁለት ዓመት ያህል ከኢንተርኔት ተለይታለች፤ በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2015 ገደማ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በሁለቱ መካከል ለተቀመጠች ከተማ በቴሌግራም ብቻ የሚሄድ የጤና ምክር አስተማማኝ አይደለም፤ ይህን ራሴ በቴሌግራም እየጻፍሁ ነው የምለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ያዛል፤ የማኅበረሰብ ሬዲዮም በሕግ ከታወቀ ቆይቷል። ይህ መብት ቆላ ሲወርድ ከስቱዲዮ በሚነበብ መግለጫ ማለቅ የለበትም፤ ጣቢያው መቅረጫውን ይዞ ጉባኤው ላይ ይገኝ፣ ጥያቄውንም መልሱንም ያስተላልፍ።

የመጨረሻው ተቃውሞ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። ዋጃ በአማራና በትግራይ ክልሎች መካከል የይገባኛል ክርክር ባለበት ምድር ላይ ናት፤ «አስተዳደሩ ሳይለይ ማን ጉባኤ ይጠራል?» ይባላል። ነገሩ ግን ተገልብጦ መታየት አለበት። መድኃኒት፣ አጎበርና ክትባት የሚታቀደው በነዋሪ ብዛት ነው። በሚያዝያ 2016 ከአላማጣ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲፈናቀል አብዛኛው የገባው ቆቦ ነው፤ ያ ሕዝብ በየትኛው ኬላ ቁጥር ውስጥ ተደመረ? በአደባባይ «እኛ አልተቆጠርንም» የሚል ሰው የሚያርመው ሪፖርት ከቢሮ አይታረምም። የወባ ቆጠራ የወሰን ፍርድ አይደለም፤ ትንኟ የማንንም ማኅተም አትጠይቅም፣ ስለዚህ ባለሙያውም መጠየቅ የለበትም።

አስተዳደሩ እስኪለይም ሕጉ በር ከፍቷል። በዐዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ መጻፍ የማይችል በቃሉ ሲያመለክት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጽፎ መቀበል አለበት፤ መልስ የሚሰጠው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ የተከለከለ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ ከዚያም ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። ስለዚህ አንድ ቅሬ ሦስት ነገር በአንድ ገጽ ይጠይቅ፦ ያለፈውን ዓመት የቀበሌውን የወባ ቁጥር በየሳምንቱ፣ በእጅ ያለውን የመመርመሪያና የኮአርተም ክምችት፣ የአጎበር ዕደላውንና የርጭቱን ቀን። ማመልከቻው በሐምሌ መጀመሪያ ከገባ መልሱ ነሐሴ ላይ ይደርሳል። መስከረም ላይ ከገባ መልሱ የሚመጣው ጥቅምት ነው፣ ያኔ ደግሞ አልጋው ሞልቷል።