ከሻደይ ማግስት

ነሐሴ 16 ቀን የዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ በሻደይ በዓል ትደምቃለች። ልጃገረዶች ለበዓሉ ስሙን የሰጠውን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ይጨፍራሉ፤ ጎረምሳውም ቆይቶ ዓይኑ ወዳረፈባት ልጅ ቤት ሽማግሌ ይልካል። ትዳር የሚፈተነው ግን ከጭፈራው ማግስት ነው። በእኔ እምነት ጎጆን ከፍቅር ማነስ ይልቅ የሚያናጋው ማን ምን ይሸከማል የሚለው ያልተነገረ ጥያቄ ነው።

የቤቱ ሸክም በሚስት ላይ ነው ሲባል «ባልስ ያርስ የለም?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የዋግ ኽምራን ገደላማና ዝናብ አጠር መሬት ማረስ ቀላል አይደለም። ሆኖም እርሻ ወቅት አለው፤ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እንጀራ መጋገርና ልጅ ማዘል ግን የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ቃል ኪዳን የሰቆጣን ስም መያዙ ያለ ነገር አይደለም። ከሌሊት እስከ ሌሊት የምትለፋ እናት ልጇን በሰዓቱ የምታጠባበትና የምትመግብበት ፋታ ከየት ታመጣለች?

«ሕግ ጓዳ አይገባም» የሚሉም አሉ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩልነት እንዲመሩ ይደነግጋል፤ የጋብቻንም ዕድሜ 18 አድርጓል። ወረቀት ብቻውን እንስራ አይሸከምም፤ ይሁን እንጂ በአማራ ክልል የባለትዳሮች የመሬት ይዞታ ደብተር የሁለቱንም ስምና ፎቶ ይይዛል። ስሟ የሰፈረ ሚስት መሬቱ ሲከራይ ትጠየቃለች፤ ትዳሩ ቢፈርስም ድርሻዬ የምትለው አላት።