አንበሳ የማይዳሰስበት ግቢ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሆለታ አጠገብ፣ «እንስሳ ኮቴ» የሚባል 77 ሄክታር ግቢ አለ። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት ከኮንትሮባንድ ነጋዴ እጅ የተያዙና በሰው ግቢ ታስረው የተገኙ የዱር እንስሳትን ያስጠለለበት ቦታ ነው። አንበሳ፣ አቦሸማኔ፣ ጭላዳ፣ ጦጣ፣ ሌሎችም አሉበት። ልጆቹን አንበሳ ሊያሳይ የሄደ ወላጅ ግን ቅር ሊለው ይችላል። አጥሩ ሰፊ ነው፤ ውስጡ ሣርና ቁጥቋጦ ነው፤ እንስሳው ካልፈለገ አይታይም። ደቦል አቅፎ ፎቶ መነሣት የለም። ስሙም ቢሆን ቃል የገባው ኮቴውን እንጂ እንስሳውን አይደለም። እኔ የማምነው ቦታው ሥራውን በትክክል እየሠራ መሆኑን የሚያሳየው ያው ጎብኚውን ቅር ያሰኘው ነገር ነው ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ከሚኖሩት አብዛኞቹን ከዱር አስወጥቶ ለዚህ ያበቃቸው የሰው ልጅ ሊቀርባቸው፣ ሊዳስሳቸው፣ የራሱ ሊያደርጋቸው መፈለጉ ነውና።

ዶሎ የተባለውን አንበሳ እንውሰድ። ስሙን ያገኘው በሶማሊያ ድንበር ካለችው ከዶሎ ከተማ ነው፤ እዚያ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይኖር ነበር። አንበሳን አስሮ የሚቀልብ ሰው ሊገድለው የፈለገ ሰው አይደለም፤ አንበሳ ያለው ሰው መባል የፈለገ ነው። ይህ ፍላጎት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገሥታቱ አንበሳ በግቢያቸው ያኖሩ ነበር። ስድስት ኪሎ ያለው የአንበሳ ግቢ በ1948 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመሥርቶ ለብዙ አዲስ አበቤ የልጅነት ትዝታ ሆኗል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እነዚያ ደረታቸውንና ሆዳቸውን ጥቁር ጎፈር የሚያለብሳቸው አንበሶች በዘር ውርሳቸው ከሌሎች ተለይተው እንደሚታዩ አሳይቷል። በሳንቲሙም በአውቶቡሱም ላይ ያኖርነው ይህንኑ እንስሳ ነው። ወደነዋል፤ የወደድነው ግን ብዙውን ጊዜ አጠገባችን አስረን ነው።

የመቅረብ ፍላጎት ምን ያህል እንደሚያስከፍል በግልጽ የሚታየው በአቦሸማኔ ላይ ነው። በዱር የቀረው አቦሸማኔ 7,000 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ግልገሎቹ ከምሥራቅ ኢትዮጵያና ከአጎራባች አገሮች ተሰርቀው በሶማሌላንድ ዳርቻ ወደ የመን ይሻገራሉ፤ ከዚያም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሀብታም ቤት ማስጌጫ ይሆናሉ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ከላም ወይም ከዶሮ የተለየው ነገር አቦሸማኔ በሰው እጅ በቀላሉ የማይራባ መሆኑ ነው። የሕንዱ ንጉሥ አክባር ለአደን 1,000 አቦሸማኔ ነበረው ይባላል፤ ግን በዚያ ሁሉ መካከል በጽሑፍ የተመዘገበው ውልደት በልጁ በጃሃንጊር ዘመን የሆነው አንዱ ብቻ ነው። በአራዊት መጠበቂያ ውስጥ የመጀመሪያው ውልደት የተመዘገበው በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፊላደልፊያ ነው። ስለዚህ በሕገ ወጡ ገበያ የሚሸጠው ግልገል አብዛኛውን ጊዜ ከዱር እናት ጉያ የተነጠቀ ነው። እናቱ ደግሞ ዓመት ከመንፈቅ ያህል አብራው ቆይታ አደን የምታስተምረው ነበረች። ያንን ትምህርት ሰው ሊሰጠው አይችልም። አጥንት የሌለው ሥጋ ብቻ ሲቀልቡት ካልሲየም ያጣና እግሩ ይቆለመማል፤ ባለቤቱ ግን እያበላው ስለሆነ የተንከባከበው ይመስለዋል።

እርግጥ በንግዱ መነሻ ላይ ፍቅር የለም። ግልገሎቹን የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ፍየሉ የተበላበት አርብቶ አደር ነው፤ ንዴቱም የሚገባ ነው። ነገር ግን ፍየል የተበላበት ሰው ግልገሉን ከነሕይወቱ አምጥቶ ለደላላ የሚሰጠው ከባሕሩ ማዶ አቅፎ ፎቶ የሚነሣ ሰው ስላለ ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ግለሰቦች አደገኛ እንስሳት እንዳይዙ ከልክላለች። የማኅበራዊ ሚዲያው ፎቶ ግን ሕግ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል። በመኪና ወንበር ላይ የተቀመጠ አቦሸማኔ አይቶ «እንዴት ያምራል!» ብሎ የሚያጋራ ሰው፣ አዲስ አበባም ይሁን ዱባይ፣ ሳያውቀው ለነጋዴው ማስታወቂያ እየሠራለት ነው።

ይኸው ፍላጎት መጠለያ የሚል ታፔላ ለጥፎ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። በደቡብ አፍሪካ በግል እርባታ የተያዙ አንበሶች 8,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ከእነዚህ እርባታዎች አንዳንዶቹ ደቦሎችን በተወለዱ በጥቂት ቀናት ከእናታቸው ለይተው ለቱሪስት ያሳቅፉ ነበር። «እናት የሌላቸው ናቸው» ተብሎ ተነግሯቸው ጡጦ ሊያጠቡ ገንዘብ ከፍለው ከባሕር ማዶ የመጡ ወጣቶችም ብዙ ናቸው። ደቦሉ አድጎ መታቀፍ ሲያቅተው ከጎብኚ ጋር ሽርሽር ይወጣል፤ ከዚያ የሚጠብቀው በአጥር ውስጥ ለሚያድን ባለጠመንጃ መሸጥ፣ ወይም አጥንቱ ወደ እስያ መላክ ነው። መንግሥት በ2021 እ.ኤ.አ. ይህን እርባታ ለማቆም ማሰቡን ያስታወቀው ከብዙ ጩኸት በኋላ ነው። እውነተኛ መጠለያ አያራባም። ወንዱን አንበሳ እንኳ ዘር እንዳይሰጥ የሚያደርጉት ሳይኮላሹት ነው፤ የተኮላሸ አንበሳ ጎፈሩን ያጣልና። ደቦል ሁልጊዜ የማይጠፋበት «መጠለያ» ካለ ደቦሎቹ ከየት እንደሚመጡ መጠየቅ ይገባል።

ሰው ያልቀረበውንና ያልነካውን እንዴት ይወዳል? ፍቅር ከሌለስ ማን ይቆረቆርለታል? ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ ናይሮቢ ያለው የሼልድሪክ የዝሆን ማሳደጊያም የሚደግፈው ይመስላል። በ1977 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ ተቋም እናታቸው የሞተችባቸውን የዝሆን ግልገሎች የሚያሳድገው በመዳሰስ ነው። ተንከባካቢዎቹ ሌሊት ከግልገሎቹ ጋር ያድራሉ፤ የቀረበ ሰው ከሌለው ግልገሉ በሐዘን ሊሞት ይችላልና። መሥራቿ ዳፍኒ ሼልድሪክ ይህን የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው። አይሻ የተባለች ግልገል እሳቸውን ብቻ ተላምዳ ስለነበር ለሠርግ ለጥቂት ጊዜ ሲለዩዋት ሞተችባቸው። ከዚያ ወዲህ ግልገሎቹ በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይጣበቁ ተንከባካቢዎቹ ይፈራረቃሉ። እዚህ ላይ ልዩነቱ ይታያል። ዝሆኑን የሚዳስሰው እጅ የዝሆኑን ፍላጎት የሚሞላ ነው፤ ዓላማውም ከዓመታት በኋላ በጻቮ ምድር ለዱር መንጋ አስረክቦ መለየት ነው። ጎብኚው በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ገብቶ ከገመድ ወዲህ ቆሞ ያያል። ያም ሆኖ በፍቅር ተይዞ ይመለሳል። ፍቅር መዳሰስን የግድ እንደማይጠይቅ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

«ታዲያ የሆለታዎቹን ለምን አይለቋቸውም?» የሚለውም መልስ አለው። ቦርን ፍሪ ስሙን የወሰደው ኬንያ ውስጥ በጆይና በጆርጅ አዳምሰን አድጋ ወደ ዱር ከተመለሰችው ከአንበሳዋ ከኤልሳ ታሪክ ነው፤ ድርጅቱን ያቋቋሙትም በ1966 እ.ኤ.አ. በወጣው ፊልም ላይ የአዳምሰኖችን ቦታ ወስደው የተወኑት ቨርጂኒያ ማኬናና ቢል ትራቨርስ ናቸው። የኤልሳ መመለስ ዓለምን አስደስቷል። በዚያው ፊልም የተሳተፈው ቦይ የተባለ አንበሳ ታሪክ ግን ያን ያህል አይነገርም። ጆርጅ አዳምሰን ወደ ዱር ሊመልሰው ሲጥር ቆይቶ፣ በ1971 እ.ኤ.አ. አንበሳው አብሮት ይሠራ የነበረ ሰው ስለገደለ ራሱ ተኩሶ ገደለው። ሰውን መፍራት ያልተማረ አንበሳ ሲርበው የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ገበሬና ከብት በሞላበት አገር መልቀቅ ለራሱም ለገበሬውም የሞት ፍርድ ነው። ስለዚህ ግቢው ለብዙዎቹ የዕድሜ ልክ ቤታቸው ነው።

ይህ ደግሞ ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ ያመጣል፦ ሰው በሚራብበት አገር ለአንበሳ ሥጋ? አንድ አንበሳ በቀን በአማካይ ከአምስት ኪሎ በላይ ሥጋ ይበላል፤ በእንክብካቤ 20 ዓመት ሊኖርም ይችላል። ወጪው ቀላል ነው የሚል ሰው አንባቢውን ያታልላል። ነገር ግን ወጪው የሚቆጠረው በግቢው ውስጥ ባሉት እንስሳት ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን ስምምነት ከተቀበለች ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአቦሸማኔ ንግድ የተከለከለ ነው። ክልከላው ሕይወት የሚያገኘው ግን ኬላ ላይ ነው። ሌሊት አንድ የጭነት መኪና ይፈተሻል፤ ከሸቀጡ ሥር በካርቶን የታጨቁ፣ ውሃ የጠማቸው አራት ግልገሎች ይገኛሉ። ነጋዴው ይታሰር፤ ግልገሎቹስ? የሚወስዳቸው ከሌለ ወይ እዚያው ይሞታሉ፣ ወይ ደግሞ በሌላ መኪና ያንኑ መንገድ ይቀጥላሉ፤ ይህን የሚያውቅ ፈታሽም ካርቶኑን መክፈቱን ይተዋል። ግልገሎቹን ለማን እንደሚያስረክብ የሚያውቅ ፈታሽ ግን ስልኩን አንሥቶ ይደውላል።