ኦክስፎርድ ከሄዱ አይቀር

ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። «ዩኒቨርሲቲው የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ከ30 በላይ የሆኑት ኮሌጆቹ በከተማው ሁሉ ስለተበተኑ የቆማችሁበት ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። ብዙ ሰው ክራይስት ቸርች ከፍሎ ይገባል፣ ሃሪ ፖተር የተቀረጸበት ደረጃ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ባቡሩ። በነጻ የሚያስገቡ ሙዚየሞች እዚያው ከተማ ውስጥ እያሉ!

እ.ኤ.አ. በ1683 የተከፈተው አሽሞሊያን ስመ ጥር ስለሆነ የእኔ ምስክርነት አያስፈልገውም። እኔ የምልካችሁ ፓርክስ ሮድ ላይ ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። በ1860 ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ሳይንቲስቱ ሃክስሊና ጳጳስ ዊልበርፎርስ በዳርዊን የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ የተሟገቱት እዚሁ ነው። ጣሪያው መስታወት ነው፤ በዙሪያው የቆሙት አምዶች ከተለያየ የድንጋይ ዓይነት የተጠረቡ ናቸው።

ዶዶዋም እዚህ ናት። ዶዶ በሞሪሺየስ ደሴት ትኖር የነበረች፣ የማትበር፣ ከእርግብ ዘር የሆነች ትልቅ ወፍ ነበረች፤ መርከበኞች ከደረሱባት በኋላ መቶ ዓመት ያህል እንኳ ሳትቆይ ጠፋች። ከዶዶዎች ሁሉ ከአጥንት ሌላ ቆዳዋም ጭምር የተረፈላት የኦክስፎርዷ ብቻ ናት፤ እሷም ጭንቅላቷና አንድ እግሯ ነው የቀረው። መስታወት ውስጥ የምታዩት ቅጂው ነው፤ ዋናው በጥንቃቄ ተቀምጧል።

የሚያናድደኝ ስለ እሷ የሚወራው ተረት ነው። በ1755 በስብሳ እሳት ውስጥ ተጣለች፣ አንድ ደግ ሰው ጭንቅላቷንና እግሯን ከነበልባሉ መንጭቆ አወጣ ይባላል። ሐሰት ነው። ያኔ አሽሞሊያን ነበረች፤ የተበላሸው አካሏ ሲወገድ ሊድን የሚችለውን ሆን ብለው ያስቀሩት የሙዚየሙ ሰዎች ናቸው። ያተረፏትን ሰዎች አቃጣይ ማድረግ ነውር ነው።

አንድ አበሻ አባት ለልጃቸው ይህንኑ የእሳት ወሬ ሲተርኩ ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ። «ጋሼ፣ እሳት የሚባል ነገር አልነበረም» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን ገደላት?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ለንደን ውስጥ በገንዘብ ትታይ የነበረችው ወፍ ሳትሆን አትቀርም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲገመት ኖሯል። በ2018 ግን የዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሲቲ ስካን ሲያዩዋት ማጅራቷና አንገቷ ውስጥ ጥቃቅን የእርሳስ ጥይቶች ተገኙ። ተተኩሶባታል፣ ያውም ከኋላ። ይህንን ስነግራቸው ልጁ ከመስታወቱ ሥር አልላቀቅ አለ።

ከአዳራሹ ጀርባ ያለው በር በ1884 ወደተመሠረተው ፒት ሪቨርስ ያስገባል። ጨለም ያለ ነው፤ አይደንግጣችሁ። «የኢትዮጵያ ክፍል የት ነው?» እያላችሁም ዘበኛውን አታድክሙት። ዕቃው የተደረደረው በአገር ሳይሆን በዓይነት ነው፦ ቁልፍ ከቁልፍ፣ ማሰሮ ከማሰሮ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ከሙዚቃ መሣሪያ ጋር። የአገራችሁን ለማግኘት የሌላውንም ማየት ግድ ይላችኋል፤ ጥቅሙም እሱ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ያነሳቸው ፎቶግራፎችም የዚህ ሙዚየም ንብረት ናቸው።

ሁለቱም ከቀኑ 11 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ከእነሱ ጀምሩ፣ ኮሌጆቹ ይቆዩ። ስትወጡም በር ላይ ያለውን የመዋጮ ሣጥን አይታችሁ እንዳላየ አትለፉ።