ዶላር ሲጨምር ጤፍ የሚጨምረው መቼ ነው? ከጊንጪ ሆነን እንየው

«ዶላር ጨመረ፤ ጤፍም ጨመረ።» እንዲህ ዓይነት ፖስት ያላየ የለም። ኮሜንቱ ላይ ሁለት ቡድን ይሰለፋል። አንዱ «ሁሉም የዶላሩ ጣጣ ነው» ይላል። ሌላው «ጤፍ የሚበቅለው እዚሁ፤ ከዶላር ጋር ምን አገናኘው?» ይላል። ሁለቱም የእውነቱን ቁራጭ ይዘዋል። የቀራቸው አንድ ነገር ነው፦ ጊዜ።

መጀመሪያ የሆነውን እናስታውስ። ሐምሌ 22/2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ። ነሐሴ ሳያልቅ ደግሞ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ብዙ ሰው የዋጋ ንረቱም በዚያው ልክ ይዘላል ብሎ ጠበቀ። የስታቲስቲክስ አገልግሎት ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ ሰኔ 2016 ላይ 20 በመቶ ገደማ የነበረው ዓመታዊ ንረት በሰኔ 2017 ወደ 14 በመቶ ገደማ ወረደ።

ታዲያ ኑሮ ረከሰ ማለት ነው? አይደለም። በ100 ብር ይገዛ የነበረ ዕቃ በ20 በመቶ ሲጨምር 120 ብር ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት በ14 በመቶ ሲጨምር 137 ብር ገደማ ይገባል። ንረቱ ቀነሰ ማለት ዋጋው የሚወጣበት ፍጥነት ቀነሰ እንጂ ዋጋው ወረደ ማለት አይደለም።

ዶላር እንደዚያ ዘሎ ንረቱ እንዴት ቀነሰ? እዚህ ጋ አዋሽን እናስብ። ወንዙ የሚነሳው ከጊንጪ አቅራቢያ ካሉት ደጋዎች ነው። እዚህ የጣለ ዝናብ ቆቃ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ አፋር ለመድረስ ደግሞ ከዚያም ይቆያል። መንገድ ላይ አቃቂ ይቀላቀለዋል፤ ሞጆም ቆቃ ላይ ይጨመራል። ግድቡም ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል። እንግዲህ አፋር ላይ ውሃው ሲሞላ «ይሄ የጊንጪ ዝናብ ነው» ለማለት ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ ስንት ቀን ይፈጃል? ከውሃው ስንቱ የሌሎች ገባሮች ነው? ግድቡስ ስንቱን ይዞታል?

የኢኮኖሚ ባለሙያዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው። አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሲምስ በ1980 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ቬክተር አውቶሪግሬሽን (ባጭሩ ቫር) የሚባል ዘዴ አለ። በ2011 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። ዶላር፣ በገበያ ያለ ገንዘብ፣ ነዳጅ፣ የምግብ ዋጋ፤ ሁሉም በየወሩ ጎን ለጎን ይመዘገባሉ። ከዚያ እያንዳንዱ በራሱና በሌሎቹ ያለፉ ወራት ይገመታል። በመጨረሻ «ዶላር ዛሬ 10 በመቶ ቢዘል ምግብ በ1ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛው ወር ምን ይሆናል?» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ አንድ ቁጥር ሳይሆን በወራት ላይ የተዘረጋ መስመር ነው።

በዚህ ዓይን 2016ን ደግመን እንየው።

አንደኛ፣ ከውሃው ከፊሉ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ከሐምሌ በፊት የጥቁር ገበያው ዶላር የባንኩን እጥፍ ገደማ ነበር። በዚያ ዶላር ዕቃ ያስገባ ነጋዴ ዋጋውን አስቀድሞ ጨምሯል።

ሁለተኛ፣ ሌላ ገባር እንዲቀንስ ተደርጓል። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ነበር። ብድር ሲጠፋ ገበያው ውስጥ የሚዞረው ገንዘብም ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ግድብ ነበር። የነዳጅ ዋጋ የሚወሰነው በመንግሥት ስለሆነ ዶላሩን ተከትሎ በአንድ ቀን አልዘለለም። ናፍጣ በሊትር ከ84 ብር ገደማ ተነስቶ በመስከረም 2017 መጨረሻ 90 ብር ገባ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ 99 ብር ገደማ ሆነ። ከጊንጪ ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ አይሱዙ የዶላሩን ዝላይ የቀመሰው በደረጃ ነው።

ማዳበሪያው ደግሞ ከሁሉም ይረዝማል። ከውጭ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ የሚገባ ነው፤ ግዢው የሚፈጸመውም ከክረምቱ ወራት ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ዶላር ሐምሌ 2016 ሲዘል የዚያ ክረምት ማዳበሪያ በአብዛኛው ገብቶ ነበር። አዲሱ ምንዛሪ ገበሬው ጋ የደረሰው በ2017 ክረምት ነው። በዚያ ማዳበሪያ በጊንጪ ጥቁር አፈር ላይ የተዘራው ጤፍ የሚታጨደው ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ 2018 ነው። ከዶላሩ ዝላይ እስከ ምርቱ 16 ወር ማለት ነው! የዛሬውን ዶላርና የዛሬውን ጤፍ ብቻ ያወዳደረ ሰው ይህን ሰንሰለት በፍጹም አያየውም።

ውሃ ወደ ላይ አይመለስም፤ ዋጋ ግን ይመለሳል። ኑሮ ሲወደድ ሰው ብሩን ይዞ መቆየት ይፈራል፤ ዶላር ወይም ዕቃ ይገዛል፤ ያ ራሱ ዶላሩን ከፍ ያደርገዋል። ለዚህ ነው «የቱ ነው መነሻው?» የሚለው ጥያቄ አስቸጋሪ የሆነው።

ማስጠንቀቂያም አለ። የኖቤል ተሸላሚው ክላይቭ ግሬንጀር በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ፈተና አንዱ ነገር ሌላውን ቀድሞ ለመገመት ይረዳ እንደሆነ ይለካል። መቅደም ግን ማምጣት አይደለም። ቦቲ ጫማ ገበያ ላይ የሚበዛው ክረምቱ ሳይገባ ነው፤ ዝናቡን ያመጣው ግን ቦቲው አይደለም። ነጋዴም ዶላር ሊጨምር ነው ብሎ ቀድሞ ዋጋ ሲሰቅል እንዲሁ ነው፤ ዋጋው ቀደመ፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ሌላም አለ። ቫር የሚማረው ካለፈው ነው። ከ2016 በፊት ዶላር የሚንቀሳቀሰው በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ነበር። ሕጉ ሲቀየር የድሮው መስመር ለአዲሱ ዘመን ላይሠራ ይችላል።

ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን? ቤተሰቡ ጤፉን አሁን ይሽጥ ወይስ ያቆየው ብሎ የሚመክር፣ ደመወዝ የሚደራደር፣ ሱቅ ሊከፍት ብር የሚቆጥብ ሁሉ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው የሚወስነው። ስለዚህ «ይሄ ያንን አመጣ» የሚል ፖስት ስታዩ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከስንት ወር በኋላ? ሌላ ምን አብሮ ተቀየረ? መሐል ላይ ይዞ ያቆየው ማን ነው?

እናንተ አካባቢ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ቀድሞ የጨመረው ምን ነበር? የዘገየውስ? ኮሜንት ላይ ከነወሩ ጻፉልን።